ያልጻፍኳት አንዲት ነጥብ

ይህን የምጽፈው ለኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ልጃችሁ አውስትራሊያ ውስጥ ፉቲ (የአገሩ ዓይነት እግር ኳስ) የሚጫወት ከሆነ፣ አንድ እሁድ ጠዋት አንድ ሰው ነጭ ኮትና ሁለት ትናንሽ ባንዲራ ይዞ ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም። «የጎል ዳኛ ጎደለን፤ ቀላል ሥራ ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ቀላል ነው። እኔንም ጉድ የሠራኝ ቀላልነቱ ነው።

ሜልበርን ከገባሁ በኋላ ለስድስት ዓመት ፉቲ ምኑም አልገባኝም ነበር። ፉትስክሬይ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲተራመሱ አያለሁ። ኳሷ ሞላላ፣ ሜዳውም ሞላላ፣ በአንድ ወገን 18 ሰው። ልጄ ትምህርት ቤት ሄዶ ተለከፈበት። እኔን የለከፈኝ ግን ጨዋታው ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ሙያዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው፤ ይህ ደግሞ በኋላ የሆነውን የባሰ አሳፋሪ ያደርገዋል።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚ ተተክሏል፤ አግዳሚ የለም። ኳሷ በመሐለኞቹ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መካከል፣ በእግር ተመትታ ማንም ሳይነካት ካለፈች ጎል ናት፤ 6 ነጥብ። በጎን ባሉት ክፍተቶች ካለፈች፣ ወይም ረጅሙን ቋሚ ከነካች፣ ወይም ተከላካይ ነክቷት ከገባች ቢሃይንድ ትባላለች፤ 1 ነጥብ። ውጤቱ 12.10 (82) ተብሎ ይጻፋል። 12 ጎል፣ 10 ቢሃይንድ፣ ድምሩ 82። ዳኛው ለጎል ሁለት ባንዲራ፣ ለቢሃይንድ አንድ ያውለበልባል። አለቀ። ሥልጠናው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል።

ቢሃይንድ እንግዲህ የመሳት ነጥብ ናት። ስተሃል፣ ግን ለጥቂት ነውና ይችን ያዝ እንደማለት። ሰው አያጨበጭብላትም። እኔ ግን ደብተር ገዝቼ እንግዳ እንግዳ ውጤት መልቀም ስጀምር፣ የዚህ ጨዋታ ጉድ ብዙው የሚወጣው ከዚችው ከተናቀችው ነጥብ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

በ1899 ሴንት ኪልዳ የተባለው ክለብ ጂሎንግን ገጥሞ ቀኑን ሙሉ ያስቆጠረው 0.1 (1) ነው። ጂሎንግ 23.24 (162)። ከዚያ ያነሰ በትልቁ ሊግ ታሪክ የለም። ያቺን አንዲት ነጥብ ያገኘው ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ አውርቶ ይሆን እላለሁ። ይኸው ሴንት ኪልዳ በ1966 ፍጻሜ ኮሊንግዉድን 10.14 (74) ለ10.13 (73) አሸነፈ። ጎሉ እኩል ነው፤ የለየችው ባሪ ብሪን የመታት አንዲት ቢሃይንድ ናት። ክለቡ እስከ ዛሬ ሌላ ዋንጫ የለውም። አንድ ዋንጫ፣ እሱም በተሳተች ኳስ።

ከሁሉ የምወደው የ1948ን ፍጻሜ ነው። ኤሰንደን 7.27 (69)፣ ሜልበርን 10.9 (69)። 34 ጊዜ ያስቆጠረ ቡድን 19 ጊዜ ካስቆጠረ ጋር አቻ! በሳምንቱ ተደገመና ሜልበርን 13.11 (89) ለ7.8 (50) ወሰደው። ልብ በሉ፣ ኤሰንደን በድጋሚውም ያገባው ያንኑ 7 ጎል ነው። የጠፉበት ቢሃይንዶቹ ናቸው። ይችን 7.8 (50) ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጎሉን በቢሃይንዱ ብናባዛው ድምሩ ራሱ የሚመጣው መቼ ነው? ብዬ ተነሣሁ። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ከጎሉ ላይ አንድ ቀንሱ፣ 6ን በሱ አካፍሉ፣ ባገኛችሁት ላይ 6 ደምሩ፤ ቢሃይንዱ እሱ ነው። 6ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ስለሆኑ፣ 0.0ን ከተውነው በዓለም ላይ አራት ውጤት ብቻ ነው ያለው፦ 2.12 (24)፣ 3.9 (27)፣ 4.8 (32) እና 7.7 (49)። ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ! ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። የመለሰችልኝን አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ 7.7ን በዓይኔ ማየት ምኞት ሆነብኝ። ይህ ነው ጥፋቱ።

ሐምሌ ነው፣ ብርድ፣ ጭቃ። ከ14 ዓመት በታች። የመጨረሻው ሩብ ላይ ነን፤ የልጄ ቡድን ወደ እኔ ጫፍ ነው የሚያጠቃው። ተጋጣሚው 8.2 (50)፣ እኛ 7.6 (48)። አንዱ ልጃችን መታ፣ ኳሷ ቋሚውን በስንዝር ስታ አለፈች። ቢሃይንድ። አንድ ባንዲራ አውለበለብኩ፣ በዚያኛው ጫፍ ያለው ዳኛ መለሰልኝ፣ ካርዴ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንተ ታውለበልባለህ፣ እሱ ይመልሳል፣ ሁለታችሁም ትጽፋላችሁ። ቀና ስል ሰሌዳው ላይ ያለው ልጅ ቁጥሩን እየሰቀለ ነው። 7፣ 7፣ 49።

እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። ስልኬን አወጣሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ደበዘዘ፣ ሁለተኛ አነሣሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጨዋታው አልቆመም እኮ! ጩኸት ሰምቼ ስዞር ኳሷ ፊቴ ናት። የኛው አጥቂ ከኋላ አንቆ ሊይዘው ሲደርስበት ተከላካዩ ጨንቆት በቡጢ ገፍቶ በቋሚዎቹ መሐል አስገባት። ጥርት ያለች ቢሃይንድ ናት። ስልኩ በቀኝ እጄ ነው፣ አንዱን ባንዲራ ብብቴ ሥር ሸጉጫለሁ። በግራ እጄ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አንዴ ዝቅ አድርጌ ወዝወዝ አደረግኩና አበቃሁ። የዚያኛው ዳኛ መልስ ይስጥ አይስጥ አላየሁም። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ካርዱን ማውጣት ነበረብኝ፣ ግን በልቤ «ጽፌያለሁ» የሚል ነገር ነበር። የጻፍኩት የቀደመችውን ነበር።

ከደቂቃዎች በኋላ የማብቂያው ሳይረን ነፋ። ጠረጴዛው ላይ የምትመዘግበው እናት ደብተሯ ላይ 7.8 ጽፋ ኖሮ፣ ሰሌዳውን ትቶ ሳንድዊች የሚገምጠውን ልጅ ጮኸችበትና 50 ለ50 አሰቀለችው። 7.8 (50)። ልጆቹ መደሰት ይሁን ማልቀስ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። እኔና የዚያኛው ጫፍ ዳኛ መሐል ሜዳ ተገናኘን። የሱ ካርድ፣ 7.7። የኔ ካርድ፣ 7.7።

«አንዲት አውለብልቤ ነበር» አልኩት።

«አላየሁም» አለ። «አንተ ራስህ ያልጻፍካትን እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ምን ይባላል? ሰውየው ትክክል ነው። የሜዳው ዳኛ አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ የሞላው አይመስልም፤ የሁለታችንንም ካርድ አየና «እኩል ናቸው፣ የሚያዘው የጎል ዳኞች ካርድ ነው፣ ፈርሙ» አለ። አባት እናቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው እናት «ፈርምና ሰኞ ይስተካከላል» አለችኝ። ፈረምኩ። እንደ ቀሽም ሰው፣ በገዛ እጄ፣ ያውም አሳምሬ ፈረምኩ። በሥራዬ ላይ አንድ ሳንቲም ያልገጠመ መዝገብ ፈርሜ አላውቅም። መኪና ውስጥ ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባዬ፣ አውለብልበህ ነበር እኮ፤ አይቼሃለሁ» አለኝ። ባይናገር ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ወደ ልጆቹ ሊግ ቢሮ ደወልኩ። «ኢሜይል ላክ» ተባልኩ። ላክሁ። ማክሰኞ፣ «በቅጹ ሙላና ላክ»። ሞላሁ። ረቡዕ፣ «ቅሬታ የሚቀበለው በክለብ በኩል ነው፤ ደግሞም በ48 ሰዓት ውስጥ መግባት ነበረበት»። እንግዲህ ሰኞ ስደውል አንድ ሰው ይችን ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል።

ሆኖም እልህ ያዘኝና ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ታሪክ ጠቀስኩላቸው። ሴንት ኪልዳ ትልቁ ሊግ ከተመሠረተ ጀምሮ 48 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ የመጀመሪያ ድሉን በ1900 ያገኘው የሜልበርን ክለብ ላይ ነው። ያም በሜዳ ላይ አቻ አልቆ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ የተቆጠረች አንዲት የሜልበርን ቢሃይንድ በአቤቱታ ተሰርዛ ነው። በ2006 ደግሞ ሎንሰስተን ከተማ ላይ ሳይረኑ ድምፁ ደካማ ነበርና ዳኞቹ አልሰሙትም፤ ጨዋታው ቀጥሎ ሴንት ኪልዳ በአንዲት ቢሃይንድ ከፍሪማንትል ጋር 94 ለ94 ሆነ። ሊጉ በዚያው ሳምንት ነጥቧን ሰርዞ ፍሪማንትልን 94 ለ93 አሸናፊ አደረገ። አንድ ክለብ፣ አንዴ በተሰረዘች ቢሃይንድ አሸነፈ፣ አንዴ በተሰረዘች ቢሃይንድ ተሸነፈ። ይሄ ደብተሬ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚደንቀኝ ነው። ነጥብ መሰረዝ ከተቻለ መጨመር ለምን አይቻልም? ብዬ ጠየቅኩ። ፎቶውንም አያያዝኩ።

መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ካርዶቹ ተፈርመዋል፣ እኩል ናቸው፣ ውጤቱ ጸንቷል። ፎቶውን በተመለከተ ደግሞ፣ ዳኛ በጨዋታ ሰዓት ስልክ መያዝ እንደማይፈቀድለት አስታወሱኝ። ማስረጃ ብዬ የላክሁት የራሴን ጥፋት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልቀበል። በ2023 አደሌድ ላይ፣ የአደሌዱ ቤን ኪይስ መጨረሻ ላይ ያገባው ጎል ቋሚ ነክቷል ተብሎ ቢሃይንድ ተሰጠ፤ ሲድኒ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። አልነካም ነበር። ትልቁ ሊግ ስህተቱን በአደባባይ አመነ፣ ውጤቱን ግን አልነካውም። የዚያ ሁሉ ካሜራ ባለቤት እንዲህ ካለ፣ የኔን ዝንብ ማባረር ማን ይሰማል?

እንግዲህ ኮቱን ለሚያለብሷችሁ የኔ ምክር ይህ ነው። ስልኩን መኪና ውስጥ ተዉት፤ ኪስ አይበቃም፣ ኪስን አይቼዋለሁ። የዚያኛው ዳኛ እስኪመልስላችሁ ክንዳችሁ ይገንጠል እንጂ ባንዲራውን አታውርዱ። የጠረጴዛው መዝገብ አያገባኝም አትበሉ፤ በየሩቡ መጨረሻ ሄዳችሁ አመሳክሩ። በእረፍት ለልጆቹ ብርቱካን የሚቆርጥ ሌላ ሰው አይጠፋም። ካልገጠመ ደግሞ አትፈርሙ። ማንም ይቁም፣ ማንም ይይ። «ሰኞ ይስተካከላል» የሚባል ነገር የለም።

ከካርዱ ሌላ አንድ መቁጠሪያ አለኝ። እኔ ሽምብራ እይዛለሁ። የደረቀ፣ ያልተቆላ፤ ቆሎ ይዤ ሞክሬ ነበር፣ በሁለተኛው ሩብ ማስረጃውን በላሁት። ጠዋት የኮቱን ቀኝ ኪስ በሽምብራ እሞላለሁ። ለልጄ ቡድን ቢሃይንድ በተቆጠረች ቁጥር አንዲት ፍሬ ወደ ሱሪዬ ግራ ኪስ ትሻገራለች፣ እጄ ቀዝቅዞ እንኳ ይቆጥራታል። ጎሎቹን ማንም አይረሳቸውም፤ ለነሱ ሽምብራ አያስፈልግም።

ባለፈው እሁድ የልጄ ቡድን ጨዋታውን በ4.8 (32) ጨረሰ። አራት ጊዜ ስምንት። ሰሌዳውን አንዴ አየሁት፣ ወዲያው ዓይኔን ወደ ቋሚዎቹ መለስኩ። ሁለቱ ካርዶችና የጠረጴዛው ደብተር ገጠሙ፤ ፈረምኩ። ማታ ባለቤቴ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አብጠው የለሰለሱ ሽምብራዎች አገኘች። ስንት ናቸው? ብዬ ጠየቅኳት። እያየችኝ ቆጠረች። ስምንት።