«ኢንትራንስ»ን ከሠፈር ልጆች ጋር እስከ ሥሩ ስንፈታው

ጅማ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ከገባችሁ ቡና ሳይፈላ የሚነሳው ወሬ ኢንትራንስ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና ነው። እናት ስለ ኢንትራንስ ትጨነቃለች፤ ጎረቤት ስለ ኢንትራንስ ይጠይቃል። ፈተናው ደግሞ የዋዛ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው አድረው መፈተን ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እኔ ሂርማታ አካባቢ ከሰዓት በኋላ የሠፈር ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ያየሁት ችግር አንድ ነው፦ ሽምደዳ። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው ተጽፎ ገጽ ሙሉ ቃል በቃላቸው ይይዛሉ። ቃሉ ሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲመጣ ግን እንደማያውቁት ያልፉታል። ስለዚህ አንድ ቃል መርጠን፣ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥተን፣ ከየት እንደመጣና ዛሬ ምን ምን እንደሚሠራ ለመከታተል ወሰንን። ምርጫው አላስቸገረኝም። ቀን ከሌት አፋቸው ላይ ያለው ቃል ራሱ አለ።

ገጹ መሐል ላይ «ኢንትራንስ» ብለን ጻፍን። ከዚያ የቃላትን አመጣጥ የሚናገር መዝገበ ቃላት ከስልክ ላይ ከፈትን። ቃሉ ለእንግሊዝኛ እንግዳ ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል፤ የ«ኢንትራንስ» ግስ የሆነው «ኢንተር»ም (መግባት) የመጣው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛው ከላቲኑ «ኢንትራሬ» ወሰደው። የእሱም መነሻ «ኢንትራ» ነው፤ «ውስጥ» ማለት ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ የነበሯቸው «ዶር» እና «ጌት» ናቸው።

«ኢንትራ» ከተያዘ ሌላው ይቀላል። ታላቅ እህቷ ነርስ የሆነች አንዲት ልጅ «ታዲያ አይቪ የሚሉት ከዚህ ነው?» አለች። አዎ፤ ሙሉ ስሙ «ኢንትራቪነስ» ነው፤ በደም ሥር ውስጥ የሚሰጥ።

ከሁሉም በላይ የጠቀማቸው ግን የሰዋስው ጉዳይ ነው። የእኛ ልጆች «ወደ ክፍሉ ገባ» ለማለት «ኢንተር» ላይ «ቱ» ይጨምራሉ። አማርኛችን «ወደ» ስለሚል ነው። «ኢንተር» ግን «ውስጥ»ን በሆዱ ይዟል። «ሂ ኢንተርድ ዘ ሩም» ሲባል አለቀ፤ ምንም አይጨመርም። «ኢንቱ» የሚከተለው ስምምነት፣ ውል፣ ድርድር ውስጥ ሲገባ ነው። ይህን ሕግ ደጋግሜ ነግሬያቸው ነበር። ሥሩን ካዩ በኋላ ግን እርስ በርስ መተራረም ጀመሩ።

ቀጥሎ «ኢንትሪ»ን ከጎኑ አስቀመጥን። ሁለቱም መግባትን ይናገራሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። በሩን ማሳየት ስትፈልጉ «ኢንትራንስ» ትላላችሁ። መዝገብ ላይ የሚሰፍር ነገር ከሆነ «ኢንትሪ» ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ጆርናል ላይ የሚያሰፍረው፣ የዳታ ኢንትሪ ሥራ፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ አንድ ቃል፣ ሁሉም ኢንትሪ ናቸው። መንገድ ላይ መግባት ክልክል ነው የሚለው ምልክትም «ኖ ኢንትሪ» ይባላል።

እዚህ ላይ እኔንም ያስደነቀኝ ነገር መጣ። በእንግሊዝኛ ፊደል ልክ እንደ «ኢንትራንስ» የሚጻፍ ሌላ ቃል አለ። ግስ ነው። ትርጉሙ ማፍዘዝ፣ በውበት ወይም በድምፅ ልብን መስረቅ ነው። ዘመድ አይደሉም። ይኛው ውስጡ «ትራንስ» አለ፤ ሰው ራሱን ስቶ ልቡ ሌላ ዓለም ሲሄድ ያለበት ሁኔታ። እሱም በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን «መሻገር» የመጣ ነው፤ ከሕይወት ወደ ሞት መሻገርንም ይናገር ነበር። ትራንስፖርት፣ ትራንስፈር፣ ትራንስፎርመር የምንላቸው ውስጥ ያለው «ትራንስ» ይኸው መሻገር ነው።

ሁለቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። ትርጉሙ መግቢያ ሲሆን ድምፁ መጀመሪያው ላይ ይከብዳል፤ «ኤንትረንስ» ለማለት ይቀርባል። ማፍዘዝ ሲሆን መጨረሻው ይከብዳል፤ «ኢንትራንስ» ይሆናል። እኛ ስለ ፈተናው ስናወራ የምንለው ወደ ሁለተኛው ይቀርባል። ልጆቹ ጮክ ብለው እያፈራረቁ እንዲሉት አደረግኩ። በዓይን ብቻ የሚያጠና ልጅ ይህን ልዩነት አያገኘውም።

ከዚህ ተነስተን ተመሳሳዮችን መጠርጠር ለመድን። «ኢንተርፕራይዝ» እና «ኢንተርቴይን» የ«ኢንተር» ልጆች ይመስላሉ። አይደሉም። መጀመሪያቸው ላይ ያለው የፈረንሳይኛው «አንትር» ነው፤ «መካከል» ማለት ነው። አንደኛው «መያዝ፣ መውሰድ»፣ ሌላው «ይዞ ማቆየት» ከሚሉ ግሶች ጋር ተጣምሮ የተሠራ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት ኢንተርፕረነርሺፕም ወገኑ ከእነዚህ ነው። መልክ አይቶ ዝምድና መቁጠር አያዋጣም፤ ከፍቶ ማየት ነው።

ሽማግሌዎቻችን ፈተናውን «ማትሪክ» ነው የሚሉት። እሱንም አየነው። ላቲኑ «ማትሪኩላ» መዝገብ ማለት ነው፤ ማትሪክ ማለፍም ስም መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። «ማትሪክስ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ልጆቹ በሒሳብ የሚማሩት ማትሪክስም ያው ቃል ነው። ለፈተና የሚይዙት የአድሚሽን ካርድ ደግሞ ከ«አድሚት» ይመጣል፤ ላቲኑ «ወደ አንድ ነገር መላክ፣ መልቀቅ» ነው። ሆስፒታል «አድሚት ሆነ» ሲባል ተኝቶ እንዲታከም ገባ ማለት ነው። ጥፋቱን አመነ ለማለትም «አድሚት» ይባላል። ፈተና ላይ የሚመጣው ይህ ዓይነት ነው፤ ማንም የቃሉን አመጣጥ አይጠይቅም፤ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን ማለት ነው ይላል። ስለዚህ አመጣጡን ባየን ቁጥር ሁለት ሦስት የዛሬ ዓረፍተ ነገር ሳንጽፍ ገጹን አንዘጋም።

አንድ ቀን የራሳችንን ቃል አመጣን። «ገባ» ምን ምን ወለደ? መግቢያ፣ ገቢ፣ ግቢ፣ አስገባ። ሲረዱት «ገባኝ» ይላሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ «ግቢ ገባሁ» ይላሉ። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ በእኛም እንደዚያው ነው» አለ። «ገሌ» ገባ ነው፣ «ገሊ» ገቢ ነው፣ ሲገባኝም «ናፍ ገሌ» እላለሁ አለ። ሁለቱንም ቋንቋ ሲናገሩ ያደጉት የጅማ ልጆች በደስታ ተንጫጩ። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ አዲስ ቃል ስጀምር መጀመሪያ የምጠይቀው ቤት ውስጥ በሚናገሩት ቋንቋ ይህን ሐሳብ እንዴት እንደሚሉት ነው። ሥርና ቤተሰብ የሚባለውን ነገር ያኔ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ለማስጠናት ለምታስቡ፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚሉትን ቃል ይዛችሁ ጀምሩ። ከአንድ ገጽ በላይ አትሂዱ፤ ላቲን ማስተማር አይደለም ሥራችን። ገጹን የሚሞሉት እነሱ ይሁኑ።

አሁን «አክሰስ» ላይ ነን። መነሻው የላቲኑ «ሴዴሬ» ነው፤ መሄድ። ሰክሰስ፣ ፕሮሰስ፣ ኤክሰስ ከዚያው ቤት መሆናቸውን ልጆቹ ራሳቸው ደርሰውበታል። «ኔሰሰሪ»ም አለበት ወይ የሚለው ላይ እየተከራከሩ ነው፤ መዝገበ ቃላቱን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።