ቢጫ ሆኖ ያደረው ፊልም

በአገራችን የትምህርት ዕረፍት የሚውለው በክረምት ስለሆነ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሐምሌም ቢሆን «የክረምት የምርምር ፕሮግራም» ማለቴን አልተውኩም፤ ጓደኞቼ ዝናቡ የታለ እያሉ ይስቁብኛል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የአሜሪካው ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚደግፈውና ተማሪዎች «አር ኢ ዩ» እያሉ የሚጠሩት ይህ ፕሮግራም፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ብዙውን ጊዜ ለአሥር ሳምንት ያህል በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ እያሠራ የኪስ ገንዘብ ይከፍለዋል። እኔ በዲቪ መጥቼ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምማር፣ በዕረፍት ጊዜዬ ፓርኪንግ የምሠራ ልጅ ነበርኩ። ዕድሉን ስነግራት እናቴ የጠየቀችኝ «ልጄ፣ አንተ ነህ የምትከፍለው ወይስ እነሱ ናቸው የሚከፍሉህ?» ብላ ነበር። እነሱ እንደሚከፍሉ ለማሳመን የተላከልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተርጉሜ አንብቤላታለሁ።

ይህን የምጽፈው ብዙ የእኛ ልጆች «ይህ ለዜጎች ብቻ ነው» ብለው ሳያመለክቱ እንደሚቀሩ ስላየሁ ነው። በፋውንዴሽኑ ገንዘብ የሚሠራው አር ኢ ዩ ዜጋንም ግሪን ካርድ ያለውንም ይቀበላል፤ በተማሪ ቪዛ የመጣ ግን በአብዛኛው በዚህ ገንዘብ ሊከፈለው አይችልም። የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው በእኛ ጥርና የካቲት አካባቢ በመሆኑ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር መለመን ያለበት ገና ከገና በፊት ነው።

በቁስ ሳይንስ ዘርፍ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹን የሚያስተናግዱት «መርሴክ» የሚባሉት የምርምር ማዕከላት ናቸው። ሥራቸው የሚጀምረው የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 በኮርኔል፣ በፔንሲልቬንያና በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የብረታ ብረት ተመራማሪዎችን በአንድ ላይ ካሰባሰባቸው ቤተ ሙከራዎች ነው፤ በ1972 ወደ ሳይንስ ፋውንዴሽኑ ተዛወሩ፣ የአሁኑን መልካቸውን ደግሞ ከ1994 ወዲህ ያዙ።

የእኔ ሥራ ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚታሰበውን ፔሮቭስካይት የተባለ ቁስ በመስታወት ላይ በስሱ መቀባት ነበር። የእርሳስ አዮዳይድና የሜቲልአሞኒየም አዮዳይድ ውህድ በጠብታ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ መስታወቱ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል፣ ከዚያ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ጥቁር ቡና የመሰለ ስስ ሽፋን፣ እኛ «ፊልም» የምንለው፣ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ናይትሮጅን በተሞላ የታሸገ ሳጥን ውስጥ፣ እጅን በረጅም የጎማ ጓንት አስገብቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ማታ አንዱን ፊልም ከሳጥኑ ውጭ ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ወጣሁ፤ ሰኞ ስመለስ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። የኤክስሬይ ጨረር ከቁሱ በየትኛው ማዕዘን ጎልቶ እንደሚመለስ በሚያሳየው መሣሪያ ስናየው፣ በ14.1 ዲግሪ ማዕዘን ላይ የነበረው የፔሮቭስካይት ምልክት ጠፍቶ በ12.7 ዲግሪ ላይ ሌላ ምልክት ወጥቶ ነበር፤ ይኸውም የሐምሌ እርጥበት ቁሱን አፍርሶት እርሳስ አዮዳይድ ብቻ እንደቀረ ያሳያል። ያሠለጠነኝ የዶክትሬት ተማሪ አልተቆጣም፣ ነገር ግን «ስንት ሰዓት ፈጀበት?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ቀሪዎቹን ሳምንታት በልዩ ልዩ እርጥበት ፊልሞቹን በየሰዓቱ ፎቶ እያነሳሁ መዘገብኩ፤ በመጨረሻው ቀን ሥራዬን ያሳየሁበት ፖስተርም ስለዚሁ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለአካባቢው ሕፃናት ሳይንስን እናሳያለን። በዚህ ክፍል ላይ ቅሬታ አለኝ፤ እጅግ ቀዝቃዛ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን እያጨሰ፣ ውስጡ የተነከረ አበባ ሲሰባበር ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። እኔም ከዚህ ጥፋት አላመለጥኩም። ኒቲኖል የተባለውን ሽቦ አጣምሜ ሙቅ ውኃ ውስጥ ስነክረው ተመልሶ ሲቃና፣ አንዲት ልጅ «እንዴት አወቀ?» አለችኝ፣ እኔም «ያስታውሳል» ብዬ አለፍኳት። ሽቦው ግን አያስታውስም። ኒኬልና ቲታኒየም በእኩል መጠን ገደማ የተዋሐዱበት ይህ ብረት ቀዝቀዝ ሲል አተሞቹ ጎረቤቶቻቸውን ሳይለቁ አብረው ዘንበል ይላሉ፣ ሲሞቅ ደግሞ አንድ ዓይነት አደራደር ብቻ ስለሚቀርላቸው ወደዚያው ይመለሳሉ።

ይህን በአማርኛ ማስረዳት የቻልኩት በኋላ፣ የኮሚዩኒቲያችን ልጆች አማርኛ በሚማሩበት አዳራሽ ሽቦውንና የፈላ ውኃ የያዘ የሻይ ብርጭቆ ይዤ በሄድኩ ጊዜ ነው። ከወላጆቹ መካከል የነበሩ አንድ አዛውንት «አንተ ልጅ፣ ጨዋታው ደስ ይላል፤ ለምን ይጠቅማል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ የሚሠራው ከዚህ ነው፤ በአፍ ሙቀት ቀስ ብሎ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ጥርሱን አብሮ ይስባል» አልኳቸው። ፊት ወንበር ላይ የነበረች ብሬስ ያሰረች ልጅ አፏን በእጇ ከደነች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ሽቦውን ራሷ ብርጭቆው ውስጥ ልትነክረው ጠየቀችኝ።