የጤና አዳም ሽታ

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኝ የሕፃናት ክሊኒክ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት ምን እንደሆነ ለሀገሬ እናቶች ማስረዳት አይቀናኝም፤ መርምሬና መድኃኒት አዝዤ ስጨርስ «ዶክተሩስ መቼ ይመጣል?» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሎራዶ ውስጥ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ሙያውን ሲጀምሩት ከመነሻው ለሕፃናት ብለው እንደነበር መተረኩን ትቼ፣ አሁን «ዛሬ ያለሁት እኔው ነኝ» ብዬ አልፋለሁ።

ዛሬ የመጣችው የሰባት ሳምንት ሕፃን ናት። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ሲገባት፣ በሁለት ሳምንት የጨመረችው 110 ግራም ብቻ ነው። ትኩሳት የላትም፣ አያስመልሳትም፣ ጡትም ደህና ትስባለች። ከጡት ሌላ የሚሰጧት ነገር እንዳለ ስጠይቅ እናቲቱ «ኧረ ምንም» አለችኝ፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ግን ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ቋንቋ መጋራት ነገሩን ያቀልልኛል ብዬ አስብ ነበር። ለፈረንጇ ባልደረባዬ በአስተርጓሚ በኩል በግልጽ የሚነገረው፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ይሉኝታ ይይዘዋል። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አራስ ልጇን ቅቤ ያላሰች እናት ገሥጬ፣ ዳግመኛ ሳትመጣ ቀርታለች።

ስለዚህ ምንም ሳልል ቦርሳው ጎን የተሸጎጠውን ጡጦ አንሥቼ አሸተትሁት። ጤና አዳም። «እናቴ እኔንም ለሆድ ቁርጠት ይህንኑ ታጠጣኝ ነበር» አልኋቸው፤ እውነትም ነው። የእማማ ፊት ፈታ አለ። «ሆዷን ሲነፋት ጊዜ ነው እንጂ፤ በቀን ሦስት አራቴ፣ ስኳር ጣል አድርጌበት» አሉኝ። ማር ገብቶበት እንደሆነም ጠየቅሁ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተሕዋስ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ሰውነት እስከ ማዛል ስለሚደርስ ይህን ጥያቄ በይሉኝታ አልዘለውም። ማር አልነካውም።

ጠባቧን ጨጓራ ውሃ ከያዘው ወተቱ መግቢያ እንደሚያጣ ስነግራቸው፣ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ስታለቅስ ምን ላድርግላት?» አሉ። ሆዷን ማሸት ላሳያቸው ብዬ ጀመርሁ፤ የእሳቸው እጅ ከእኔ ይልቅ የለመደ ስለሆነ ቶሎ ተውኩላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ለሚዛን ቀጠርኋቸው።

እናቲቱ ጡጦውን ልትደፋው ስትነሣ እማማ እጇን ያዙና «ቅጠሉን ተዪው፣ ለቡናዬ ይሆናል» አሉ።