ሦስት ሰዓት፣ በማን ሰዓት?

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የስትሮክ ታካሚዎች ምዝገባ አስተባባሪ ሳለሁ የገጠመኝ ነው። ከአዘዞ አንዲት እናት መጡ። ቀኝ እጃቸው አይንቀሳቀስም፤ መናገርም አቅቷቸዋል። የደረሱት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው። ልጃቸው «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የጀመራቸው» አለች። ፎርሙ ደግሞ የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው። መረጃ ሰብሳቢው የሰማውን 3:00 ብሎ ጻፈ፤ የደረሱበትን ግን ከኮምፒውተሩ 11:00 ብሎ ገለበጠ። በወረቀቱ ላይ ስምንት ሰዓት አለፋቸው።

የነቃችው ተረኛዋ ሲስተር ናት። «እህቴ፣ ሲጀምራቸው ምን እያደረጉ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«አስቀድሰው ተመልሰው፣ ቡና እየጠጣን።»

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አስቀድሶ ቡና የሚጠጣ የለም። ያለፋቸው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር።

የእኛ ምዝገባ ብቻ ስለሆነ ሕክምናቸውን አልነካም። ግን የሕክምና ሙከራ ቢሆንስ? በቀጭን ቱቦ በደም ሥር ገብቶ ከአንጎል የረጋ ደም የሚያወጣውን ሕክምና እንውሰድ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጡ ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ጥቅሙን ማሳየት አቃታቸው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው የቆዩ ነበሩ። በአንዳንዶቹ ደግሞ ትልቁ የደም ሥር መዘጋቱ በምስል ሳይረጋገጥ ሰው ይገባ ነበር። ያልተዘጋን ነገር መክፈት ምን ይጠቅማል? በ2015 የታተመው ኤምአር ክሊን የተባለው የኔዘርላንድ ሙከራ ግን መዘጋቱን አስቀድሞ አረጋገጠ፤ ሕመሙ ከጀመራቸው በ6 ሰዓት ውስጥ ሕክምናው ሊጀመርላቸው የሚችሉ 500 ሰዎችን አስገብቶ በዕጣ ለሁለት ቡድን ከፈላቸው። ከ90 ቀን በኋላ ራሳቸውን የቻሉት ሕክምናው ከተመደበላቸው 32.6 በመቶ፣ ካልተመደበላቸው 19.1 በመቶ ሆኑ።

ያ 6 ሰዓት በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ልክ ነው! እኚህ እናት «ረፍዶባቸዋል» ተብለው ይቀሩ ነበር። ማታ 3 ሰዓት የወደቀና ንጋት 11 ሰዓት የደረሰ ሰው ደግሞ፣ በዚያው ስህተት፣ ገና ሁለት ሰዓቱ ነው ተብሎ ይገባል። እንዲህ ያሉት በዕጣ ለሁለቱም ቡድኖች ስለሚደርሱ አድልዎ አይፈጥሩም፤ እውነተኛውን ጥቅም ግን ያደበዝዙታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ የሚጠቅም ሕክምና «አይጠቅምም» ተብሎ ሊጣል ይችላል።

ፎርሙን ቀየርነው። አስታማሚው በሚያውቀው ሰዓት ይናገራል፤ ቀን ወይስ ሌሊት መሆኑ ይጻፋል፤ ወደ ፈረንጅ ሰዓት የሚቀይረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሲስተርዋ ጥያቄም ገባ። ተኝተው የነቁትን ደግሞ «መቼ ጀመራቸው?» አንልም፤ ደህና ሆነው መጨረሻ ያያቸው ማን እንደሆነ እንጠይቅና እሱን እናናግራለን።