ባጃጅ ነው ወይስ ድሮን?

ከነጋ ጀምሮ ድብት ብሎኛል። ዝናቡ አያባራም። መብራቱም እንደ አመሉ ሄዷል። ጎንደር በክረምት እንዲህ ስትሆን ሰው ሥራ አይሠራም፤ ያስባል እንጂ።

የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ፋይል ልኮልኛል። "እትዬ፣ አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ፣ አስተካክይልኝ" ይላል። ለኢንቨስተር የሚያቀርበው ነው አሉ። ልጁን ታውቁታላችሁ፤ የቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ፈታቶ የጨረሰው።

ሐሳቡ ድሮንን በድምፁ የሚለይ መሣሪያ ነው። ባለፈው መስኮቴ ላይ አስቀምጦ አሳይቶኛል፦ አንድ ማይክሮፎን፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ። ቀልድ ይመስላል። ግን ዩክሬኖች እንዲህ ያሉ ማይክሮፎኖችን በሺዎች ምሰሶ ላይ ሰቅለው ሩሲያ የምትልክባቸውን የሻሄድ ድሮኖች አቅጣጫ ይከታተላሉ። አንዱ ማይክሮፎን ከነመሣሪያው ከ400 እስከ 500 ዶላር ነው የሚያወጣው። ዝቅ ብሎ የሚበር ድሮን ከውዱ ራዳር ሊያመልጥ ይችላል፤ ድምፁን መደበቅ ግን ይከብደዋል።

የጦር መሣሪያ ለሚሠሩ ትንንሽ ጀማሪ ድርጅቶች፣ ስታርትአፕ ለሚባሉት፣ በር የከፈተውም ይኸው ርካሽነት ነው። ድሮ ጦሩ የሚፈልገውን ይጽፋል፣ ትልቅ ኩባንያ በመንግሥት ገንዘብ ዓመታት ፈጅቶ ይሠራል። ፓልመር ላኪ የሚባለው ወጣት ግን የጌም መነጽር ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ለፌስቡክ በ2 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ፣ በ2017 ከጓደኞቹ ጋር አንዱሪል የሚባል የጦር መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። መጀመሪያ በራሳቸው ካፒታል ይሠራሉ፣ ከዚያ ያለቀውን ዕቃ ይሸጣሉ። ዘፈን የምንሰማበት የስፖቲፋይ መሥራች ዳንኤል ኤክ እንኳ በኢንቨስትመንት ድርጅቱ በኩል በ2021 ሄልሲንግ ለሚባለው የጀርመን የጦር ቴክኖሎጂ ድርጅት 100 ሚሊዮን ዩሮ አፍስሷል። ከዘፈን ወደ ጦርነት! ጉድ እኮ ነው።

ችግሩ ገዢው ያው መንግሥት መሆኑ ነው። ናሙናው ይወደዳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ውሉ ግን ለሚቀጥለው በጀት ይባላል። እስከዚያ ደመወዝ ማን ይክፈል? ዩክሬን በ2023 ብሬቭ1 የሚባል መድረክ ያቋቋመችው ለዚህ ነው፤ ሠሪውን ከወታደሩ ጋር ያገናኛል፣ ገንዘብም ይሰጣል።

እዚህ ላይ ፋይሉን ትቼ በሐሳብ ጋፋት ገባሁ። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት። አጼ ቴዎድሮስ ለስብከትና ለእጅ ሥራ የመጡትን ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅበትም ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ መልሰው ሞክረው በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡት። ኢንቨስተሩም፣ ገዢውም፣ ተጠቃሚውም አንድ ሰው። የበጀት ዓመት የለ፣ ጨረታ የለ። እንደዚያ ያለ ስታርትአፕ የት ይገኛል? ሠሪዎቹ ሥራ መልቀቅ አለመቻላቸው ነው እንጂ።

መድፉ ተራራ ለተራራ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ውጊያ ግን የዕለቱን ሥራ የሠራው የእንግሊዞቹ ስናይደር ጠመንጃ ነበር፤ ከኋላው የሚጎርስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተኮስ፣ አንድ ወታደር በትከሻው ይዞት የሚሄድ። ንጉሡ ያንን ቢያሠሩ ኖሮ እያልኩ ሻዩ በረደብኝ። የመንግሥት አማካሪ ሆኜ አረፍኩት፣ ያውም ከ150 ዓመት በላይ ዘግይቼ።

ወደ ፋይሉ ስመለስ "ደንበኞቻችን" የሚለው ገጽ ላይ ደረስኩ። ልጁ አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፦ "ሰማዩን የሚፈራ ሁሉ።" ኢንቨስተር ፊት እንዲህ አይባልም፤ ስንት ሰው፣ በስንት ብር ነው የሚባለው። ልሰርዘው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ያህል ገበያ ያለው ዕቃ እኮ ነው። ገበያው ግን ባይኖር ምናለበት? ደግሞስ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ "ሰሚውን ተወውና የሚበረውን ሥራልኝ" ቢለው ምን ይመልሳል? ምንስ ብዬ እመክረዋለሁ?

እንከን አለው፤ ፋይሉ ውስጥ አልጻፈውም እንጂ። ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ በወጣ ቁጥር መሣሪያው "ድሮን" ይላል። ዩክሬኖቹም ሻሄድን በድምፁ "ሞፔድ"፣ ማለትም ትንሿ ሞተር ሳይክል፣ ይሉታል አሉ፤ ስለዚህ ብዙም አይፈረድበትም። ይህን አስተካክል ልለው ጀምሬ አጠፋሁት። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወሬዬን አቋርጬ ወደ ላይ የማንጋጥጥ ሰው፣ ማሽኑን ምን ብዬ ላርመው?