መለያ ቁጥሩን ብቻ ላኩ፦ በሊንክ መረጃ ከገጽ ወደ ገጽ ስለማሻገር

የመንዝ ባና እና ጋቢ የሚሸጥ ድረ ገጽ እየሠራችሁ ነው እንበል። ደንበኛው ከዝርዝሩ አንዱን ባና ሲነካ፣ የትዕዛዙ ገጽ የቱ እንደተመረጠ ማወቅ አለበት። ቀላሉ መንገድ ሊንኩ ላይ መጻፍ ነው፦

ትዕዛዝ?መለያ=12&ብዛት=2

ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው የሚሻገረው መረጃ ነው።

በጃቫስክሪፕት ለማንበብ የሊንክ መረጃን በየስሙ የሚለይ «ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ» ፍጠሩና የ«ሎኬሽን»ን «ሰርች»፣ ማለትም ከጥያቄ ምልክቱ ጀምሮ ያለውን የሊንኩን ክፍል፣ ስጡት፤ «ጌት» በየስሙ ያወጣላችኋል። የሚወጣው ግን ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው። ብዛቱ ላይ 1 ብትደምሩ 3 ሳይሆን 21 ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ በ«ነምበር» ወደ ቁጥር ቀይሩት። ከመቀየራችሁ በፊት መኖሩን አረጋግጡ። ስሙ ሊንኩ ላይ ከሌለ «ጌት» «ነል»፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ ይመልሳል፤ «ነምበር» ደግሞ ነልን ዝም ብሎ 0 ያደርገዋል። ስህተት ሳይታይ መለያው 0 የሆነ ባና ትፈልጋላችሁ ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪ በመለያ ቁጥር ፈንታ ስም ይልካል። በአማርኛ ይሄ ነገር ጣጣው ብዙ ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንትና በሁለት ምልክት ስለሚጻፍ 9 ምልክት ይሆናል። «ደብረ ብርሃን» 7 ፊደልና አንድ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱም 3 ምልክት ስለሚይዝ፣ ተቀይሮ 66 ምልክት ይወጣዋል። ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የፐርሰንት ክምር የሚሆነው ለዚህ ነው። ከርዝመቱ የሚብሰው አጻጻፉ ነው፦ አንዱ «ብርሃን»፣ ሌላው «ብርሐን» ይላል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ ፍለጋው ባዶ ይመለሳል። መለያ 12 ግን በማንም እጅ ያው 12 ነው።

የግድ ጽሑፍ መላክ ካለባችሁ፣ ልዩ ምልክቶችን ሊንክ ውስጥ እንዳያምታቱ አድርጎ በሚቀይረው በ«ኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» አሳልፉት። ያለዚያ በስሙ ውስጥ ያለ & መረጃውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በ+251 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም የመደመር ምልክቱ ወደ ክፍተት ተቀይሮ ይደርሳል።

ዋጋ በፍጹም በሊንክ አትላኩ። ማንም 1800ን አጥፍቶ 18 ብሎ መጻፍ ይችላል። የትዕዛዙ ገጽ መለያውን ይዞ ዋጋውን ከዳታቤዝ ያምጣ፣ ሂሳቡንም ሰርቨሩ ይሥራ። የይለፍ ቃልም እንዲሁ፦ በብሮውዘሩ ታሪክና በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ከሊንክ ያነበባችሁትን ገጹ ላይ ስታሳዩ ደግሞ እንደ ተራ ጽሑፍ በሚያሳየው በ«ቴክስት ኮንተንት» አስገቡት እንጂ እንደ ገጹ ኮድ በሚወስደው በ«ኢነር ኤችቲኤምኤል» አታስገቡት፤ አለዚያ ሌላ ሰው ሊንኩ ውስጥ የደበቀው ኮድ በደንበኛችሁ ስልክ ላይ ይሠራል።