«ራሳቸው ምን አሉ?»

በ2008 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት ባሕር ዳር ላይ የአሜሪካ ምርጫ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ልጅ፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ዲቪ ሞልቶ የሚጠብቀውም ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ማን ይሆን እያለ ይጨነቃል። እኔ ያኔ በከተማዋ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የውጭ ዜና ላይ ነበርኩ። የሚደውልልን አድማጭ ደጋግሞ የሚጠይቀን ነገር ቢኖር ይኸው ነበር፦ ጆ ባይደን ይገባሉ ወይስ አይገቡም?

ባይደን የባራክ ኦባማ ምክትል ነበሩ። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ሞክረው አልሆነላቸውም። ሂላሪ ክሊንተን ከወራት በፊት መወዳደራቸውን አውጀዋል፤ የኦባማ ምክትል ግን ዝም ብለዋል። ዝምታቸው ምክንያት ነበረው። የደላዌር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረው የበኩር ልጃቸው ቦ ባይደን ግንቦት 22 ቀን 2007 በአንጎል ካንሰር ሞቷል፤ 46 ዓመቱ ነበር። ሐምሌ ሳይወጣ ጋዜጦቹ «ልጃቸው በሕመሙ ላይ ሳለ እንዲወዳደሩ አደራ ብሏቸዋል» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። በእኛ ቆጠራ የልጁ አርባ ከወጣ ገና ሳምንታት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዜና ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ባይደንን ለውድድር የሚገፋው፣ ከዚያ በፊት የተቋቋመው ቡድን ሠራተኛ ቀጠረ፣ ፊርማ አሰባሰበ። ጥቅምት 2 ላስ ቬጋስ ላይ የፓርቲያቸው የዴሞክራቶቹ ተወዳዳሪዎች ሲከራከሩ ሲኤንኤን ምናልባት በመጨረሻው ሰዓት ከመጡ ብሎ አንድ ተጨማሪ አትሮንስ አዘጋጅቶ ጠበቀ። አልመጡም። ግን አትሮንሱ ራሱ ዜና ሆነ።

ጥቅምት 8 ሰኞ ከሰዓት የምሽቱ ዜና አንባቢያችን ስክሪፕቱን ይዞ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ድምፁም ያማረ። የመጀመሪያው መስመር «የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ወደ ፕሬዚዳንታዊው ውድድር ገቡ» ይላል። አዘጋጇ ስክሪፕቱን ተቀበሉት። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በዚያ ክረምት ታናሽ ወንድማቸውን ቀብረው ጥቁር ልብሳቸውን ገና አላወለቁም ነበር።

«ይህን ማን አለ?»

«እትዬ፣ ሁሉም ጋ ወጥቷል እኮ። አንድ የፔንስልቬንያ የምክር ቤት አባል ለባይደን ቅርብ ከሆነ ሰው ሰማሁ ብሎ ትዊተር ላይ ጽፏል። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛም ተናግሯል። ነገ ሁሉም ካወራው በኋላ ብንለው ማን ይሰማናል?»

«ቅርብ የሆነው ሰውዬ ስም አለው?»

«አልተጠቀሰም።»

«እሺ። ባይደን ራሳቸው ምን አሉ?»

ልጁ መልስ አጣ። እትዬ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ፈልግ። የሰዎቹን አይደለም፤ የራሳቸውን ቃል» አሉኝ።

ፍለጋው ብዙ አላደከመኝም፤ ይህ ነው ዛሬም የሚያስቆጨኝ። ባይደን ጳጉሜን 5 ቀን በአንድ የምሽት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበው በግልጽ ተናግረዋል። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሕዝቡን ዐይን ዐይኑን እያየ ልቤም ነፍሴም ኃይሌም ለእናንተ ነው ማለት መቻል አለበት፤ እኔ ግን አሁን እዚያ ደርሻለሁ ብል ውሸት ይሆናል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ቃሉ ለሁሉም ክፍት ነበር። የዓለም ጋዜጠኛ ግን ይህን ትቶ በጓደኞቻቸው ሹክሹክታ ላይ ተረባረበ።

ቀጥሎ እትዬ ያስፈለጉኝ ወረቀቱን ነው። የአሜሪካ የምርጫ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ለፌዴራል ሥልጣን ብሎ ከ5,000 ዶላር በላይ ያሰባሰበ ወይም ያወጣ ሰው ዕጩ ሆነ ማለት ነው፤ በ15 ቀን ውስጥም ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ቅጽ ሞልቶ ያስገባል። ባይደን ያስገቡት ቅጽ አልነበረም። የሚገፋፋቸው ቡድን ገንዘብ ቢያሰባስብም ቡድኑ እሳቸው አይደለም። ሌላው ቀነ ገደቡ ነው። ፓርቲዎቹ ዕጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ በየክፍለ ግዛቱ ስለሆነ ምዝገባውም በየክፍለ ግዛቱ ነው። በኒው ሃምፕሻየር ጥቅምት 24 ተከፍቶ ኅዳር 10 ይዘጋል። ስለዚህ ሰውየው ፈለጉም አልፈለጉም የቁርጡ ቀን በቅርብ መምጣቱ አይቀርም፤ ከእሱ ቀድመን የምንሮጥበት ምክንያት አልነበረንም።

በዚያ ምሽት የተነበበው ዜና አጭር ነበር። ባይደን ውሳኔያቸውን በራሳቸው አንደበት እስካሁን አለማሳወቃቸው፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሰዎች ይወዳደራሉ ማለታቸው፣ ለኮሚሽኑ የቀረበ ቅጽ አለመኖሩ፣ የመጀመሪያዎቹ የምዝገባ ቀናት መቃረባቸው። አንባቢው ከስቱዲዮ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል። ልጁን አልፈርድበትም። በየካፌው «ገብተዋል» ሲባል እየሰማ «አልታወቀም» ብሎ ማንበብ ከባድ ነው።

እትዬም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ በማግስቱ እኛን ሁለታችንን ሐይቁ ዳር ሻይ ጋበዙንና የማሪዮ ኩዎሞን ነገር አጫወቱን። የኒው ዮርክ ገዥ የነበሩ፣ በንግግራቸው አገር ያስደመሙ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. ለ1992ቱ ምርጫ ይወዳደራሉ እየተባለ ወራት አለፉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1991 የኒው ሃምፕሻየር ምዝገባ የሚዘጋበት ዕለት ነበር። ኩዎሞን ይዞ የሚበር አውሮፕላን በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ አልባኒ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ከምናምን ሲቀረው ወጥተው ከኒው ዮርክ ምክር ቤት ጋር የበጀቱ ጉዳይ አላለቀምና አልወዳደርም አሉ። በዚያ ምርጫ ያሸነፉት ቢል ክሊንተን ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የቀድሞው የአሜሪካ ጦር ኤታ ማዦር ሹም የጄኔራል ኮሊን ፓወል ጉዳይ ያንኑ ያህል አወዛገበና በኖቬምበር 1995 እሳቸውም አልወዳደርም ብለው ተገላገሉ።

«አየህ» አሉት አንባቢውን፣ «አውሮፕላን ተዘጋጅቶለት የቀረ ሰው አለ። አንተ አንድ ትዊተር ይዘህ ልታስገባቸው?»

ከዚያ ትንሽ ቆዩና «ሌላም አለ» አሉ። «ልጁን የቀበረ አባት ነው። ዛሬ እወዳደራለሁ ብሎ ሊነሣ፣ ነገ አልጋውን ለቅቆ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። እኔ ወንድሜን ቀብሬ ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቀጥል እያልኩ ስንት ጊዜ ተለዋወጥኩ። ያኔ ጎረቤት ፊቴን እያየ "ልትለቅ ነው" ብሎ ቢያወራ ምን ያህል ያመኝ ነበር? ሐዘንተኛን ቤቱ ሄደህ ታጽናናዋለህ እንጂ ፊቱን እያየህ አትተነብይም።»

በዚህ ጉዳይ ከዚያን ቀን ጀምሮ አቋሜን አልቀየርኩም። መላ ምት የሰው መብት ነው፤ ፖለቲከኞችም በሩን ገርበብ አድርገው መተው እንደሚጠቅማቸው ያውቃሉ፣ ለጋሽም ደጋፊም እስከዚያ አይበተንባቸውም። እሱን መዘገብ ተገቢ ነው። የአባት ዕንባ የውድድር ምልክት ተደርጎ ሲነበብ ግን ጋዜጠኛው ከለቀስተኛው ድንኳን ገብቶ ድምፅ እየቆጠረ ነው።

ረቡዕ ጥቅምት 10 ነጩ ቤት ባይደን መግለጫ ሊሰጡ ነው አለ። እትዬ ሁለት ስክሪፕት አስጻፉን፣ ለመግባታቸው አንድ፣ ለመቅረታቸው አንድ። ዋሽንግተን ላይ ቀትር ሲሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ ልክ ዜናችን የሚጀምርበት። የውጭው ዜና ወደ መጨረሻ ተገፋ። አንባቢው ስቱዲዮ ገብቶ ስለ ጣና እምቦጭ አረም ዘገባ ያነብባል፣ እኔ ዜና ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክያለሁ። ባይደን በግራና ቀኝ ባለቤታቸውንና ኦባማን አድርገው ጽጌረዳ መናፈሻው ላይ ቆሙ። ቤተሰባቸው በሐዘን ውስጥ ሲያልፍ መቆየቱን፣ የሐዘን መንገድ የምርጫን ቀነ ገደብ እንደማይጠብቅ፣ ጊዜውም እንዳለፈ ተናገሩ። አልወዳደርም አሉ። ካንሰርን ለማጥፋት አገሪቱ እንድትነሣም ጠየቁ።

የመቅረታቸውን ስክሪፕት ይዤ ሮጥኩ። የዘጋቢያችን ቃለ መጠይቅ በቴፕ እየሄደ ስለነበር በሩን ከፍቼ አቀበልኩት። አንዴ አየው፣ አነበበው፤ ድምፁ ላይ ምንም መንገጫገጭ አልነበረም። የካንሰሩን ነገር ከስክሪፕቱ ውጭ እኔ በብዕር ከጎኑ የጻፍኩትን ጨምሮ ነው ያነበበው። ዜናው እንዳለቀ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር አንድ አባት ናቸው። ስለ ምርጫው አልጠየቁም። «እግዜር ያጽናቸው በሉልኝ» ብለው ዘጉት።

ባይደን በኋላ መግባታቸው አልቀረም። ሚያዝያ 17 ቀን 2011 በቪዲዮ አወጁ። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር፣ ግማሹ ሠራተኛ ስግደት ላይ ነው። ያ አንባቢ የዚያን ጊዜ የውጭ ዜናው አዘጋጅ ሆኗል። አንዲት አዲስ ባልደረባ ዜናውን ከአንድ ድረ ገጽ አውርዳ ስታመጣለት ቪዲዮውን ክፈቺው አላት። አብረው እስከ መጨረሻው አዩት፤ ከዚያ «ባይደን በራሳቸው አንደበት» ብሎ የመጀመሪያውን መስመር ራሱ ጻፈ።